የመጣበት ቦታ

ለቃሉ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፤
ከአናጢው ሙሄ፣ ከቦርከና ማዶ፣ ከወንዙ ጥግ ቤት።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፋችሁት፣
ዱቄት የጠገበው፣ ዝናም የላሰው ወረቀት፣
«ካያችሁ አትጨፍልቁ፤ ይዛችሁ አስታውቁ» ይላል።
አየሁ። ይዣለሁ። ክብሪት ቤት ውስጥ ሆኖ ይጭራል።

ርዝመቱ የገብስ ፍሬ ያህላል፤
ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲያይ ወደ አረንጓዴ ይላል።
ነቀዝ እንዳልለው እህል አይነካም፣
ምስጥ እንዳልለው አፈር አይለብስም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጨት ሳነጋግር
እንዲህ ያለ ጥርስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዛፉ ዋንዛ ነው። የአያ አረቡ ዋንዛ፤
ሦስት ቀፎ የተሸከመ፣ ልጆች ፍሬውን ለቅመው
ጣታቸው ተጣብቆ የሚሳሳቁበት።
ከአናቱ ጀመረው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ
ዝናም እየወረደ፣ ውኃ ጠማው አልን ሽቅብ ስናይ።
አያ አረቡ «ዓይን ነው፣ ሰው አይቶት ነው» አለ፤
ቀይ ጨርቅ አሰረለት፣ ዱዓ አስደረገ፣ ቀን ቆጠረ፣ ዋለ።
እኔ ጆሮዬን ከግንዱ አስጠጋሁ።
ሰማሁ።
ከሰማሁ በኋላ ሰባት ቀን ዝም አልሁ።

ባለሙያዋ ሐዋ በሞተር መጥታ
ቅጽ ሰጠችኝ፣ እንድሞላው በዚያው ማታ።
ስም፣ ሞላሁ። ቀበሌ፣ ሞላሁ። የዛፍ ቁጥር፣ ሞላሁ።
«የመጣበት ቦታ፣ ከታወቀ» ሲል እስክሪብቶውን አስቀመጥሁ።

ከታወቀ።
ራሱ የተሰበረ ሚስማር ነች ይቺ ቃል፤
በምን ጉጠት ይዤ ልንቀላት?

እንግዲህ ይታወቅ።
ዓምና ሚያዝያ ነው፤ ባቲ፣ የሰኞ ገበያ፤
ከማላውቀው ሰው፣ ከጭነት መኪና ጥላ ሥር፣
ጣውላ ገዛሁ። ለምን ረከሰ አላልሁም፤
ርካሽ ሲገኝ ድሀ መጠየቂያ አፍ የለውም።
ከወደብ የመጣ የዕቃ ሣጥን ነው፣ ተፈትቶ የተሸጠ፤
የማላነበው ማኅተም ጎኑ ላይ የተረገጠ።
ለልጄ ለሩቂያ ነበር፣ ለሠርጓ አልጋ፤
ላግሁት፣ ገጠምሁት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ ሌቱ እስኪነጋ።
ትራፊውን ተሸክሜ ወስጄ
ከዋንዛው ሥር ደገፍሁት፣ በገዛ እጄ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ከሐርቡ ደወለች፤
«አባ፣ አልጋው ሥር በየጠዋቱ ዱቄት አገኛለሁ፤
ጤፍ የሚያህል፣ ነጭ፤ ዛሬ ጠርጌ ነገም እጠርጋለሁ።»
«አብሽሪ፤ አዲስ እንጨት ነው፣ ይረጋል» አልኋት።
እንጨት ራሱን እንደማይፈጭ እያወቅሁ ዋሸኋት።

ሐዋ እንደነገረችኝ ዛፉ ይቆረጣል፤
ግንዱ ሳይነሣ፣ እዚያው ባለበት ይቃጠላል።
ለአያ አረቡ ማን ይንገረው? ቅጽ አይነግርም።
ትናንት ሄድሁ። ከደጁ ቆሜ፣ አልተቀመጥሁም፣
ሁሉን ነገርሁት፤ ሣጥኑን፣ ማኅተሙን፣ አልጋውን።
መቁጠሪያውን ይዞ ቆየ።
«ዓይን አልነበረማ» አለ።
«አልነበረም። የኔ ጣውላ ነው።»
ቀና ብሎ ቀፎዎቹን አየ።
«ንቦቹስ?»
ለዚህ መልስ የለኝም፤ እናንተ ካላችሁ ላኩለት።

ባዶዋን መስመር እንዲህ ሞላኋት፦
የመጣበት ቦታ፣ ሙሄ።
ይህ የሰው ስም ነው እንጂ ቦታ አይደለም ትሉኝ ይሆናል።
እሱም እንዲህ ብሎ ነው ያለፈው፣ በየኬላው።

አልጋውን ወደዚህ አላመጣውም፤
እንጨት አታንቀሳቅሱ ብላችኋል።
እኔው ሐርቡ እወርዳለሁ፤ ከግቢዋ አውጥቼ አነደዋለሁ፤
ሩቂያ መሬት ትተኛለች፣ ሌላ እስክሠራላት።
ክብሪት ቤቱ ከዚህ ጋር ይደርሳችኋል፤ ስትከፍቱት ተጠንቀቁ።
እንጨቶቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው፤
መጫሪያው ግን ከእሱ ጋር ሄደ።

አያ አረቡ አብሮኝ ይወርዳል። አልጠየቅሁትም።
እሳቱ እሱ እጅ ነው።